ስለ «አንኳኪዋ» ሰቆጣ ላይ የተባለው

ይድረስ ለወንድሜ ለአስማረ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ባለፈው ስትደውል ሠርግ ላይ ቀኑን ሙሉ ካሜራ ተሸክመህ እየቆምክ ወገብህን እንደሚያምህ ነግረኸኝ ነበርና አሁን ተሻለህ ወይ? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ሥራ ስትይዝ ትረሳዋለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ለክፉ አልተሰጠንም። እማዬ ጉልበቷን ቢጠዘጥዛትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ዝናቡ ዘንድሮ ሰው አላሳፈረም፣ ገብሱም ደህና ይዟል። የጎደለብን የአንተ ዓይን ብቻ ነው።

የፊልምህን የ«አንኳኪዋ»ን ነገር በስልክ ያልነገርኩህ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ፣ ነገሩም ረጅም ስለሆነ ነው። «ጥሩአየሁ፣ ጥሩ ነው ብለሽ እንዳትሸነግይኝ። ሰው ያለውን እንዳለ ጻፊልኝ። ካልወደዱት ፊልም የሚባል ነገር እርግፍ አድርጌ እተዋለሁ» ብለኸኝ አልነበር? እኔም ደብተር ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ሰው የተናገረውን ለምን እንደተናገረው ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፊልሙን የላክህበት ፍላሽ በሹፌሩ እጅ በደህና ደረሰኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አንድ ክፍልና ፕሮጀክተር ፈቀዱልኝ። እሁድ በስምንት ሰዓት መስኮቶቹን በጆንያና በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ሰባ የሚሆን ሰው የተማሪ ዴስክ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ጉልበቱ አልገባ ያለው ረጅም ሰው ሁሉ በጎን ዞሮ ነበር የሚያየው።

ታሪኩን ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ሰዉ ለዘገየ ሰው ሲያወራው እንዲህ ነበር ያለው፦ አንዲት እንግዳ ሴት ሲመሽባት በር ታንኳኳለች፣ ማንም አይከፍትላትም፣ በብርድ ትሞታለች፣ ከዚያ በየማታው እየተመለሰች ያልከፈቱላትን ትጨርሳቸዋለች። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ሳቁብህ። ሴትዮዋ ፊቷን ዱቄት ተለቅልቃ ብቅ ስትል አንዱ ከኋላ «በዚህ ኑሮ ውድነት ይህን ሁሉ ዱቄት!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደሙንማ ሴቶቹ ገና ሲያዩት «ሳልሳ ነው» ብለው አወቁብህ። «የኛ አገር ሙት አማርኛ እንዲህ አያቀላጥፍም፣ በኽምጣኛ ነው የሚመጣው» ያለም ነበር። ጎረቤታችን አያ ደጅይጥኑ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር እንደተከሉ፣ «ልጁ ተሳስቷል። ጋኔን መች ያንኳኳል? እሱ ፈቃድ ጠይቆ አይገባም። የሚያንኳኳማ ሰው ነው» አሉ። ይህን በትልቁ ጻፍኩት።

ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ሲመለስ ያ የኩራዙ ቦታ መጣ። ሴትዮዋ ገና በሕይወት ሳለች ውጭ ቆማ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ስትል፣ ውስጥ አባትየው ኩራዙን ዝቅ አድርጎ የልጁን አፍ በመዳፉ ሲያፍን። ዱቄት የለ፣ ሳልሳ የለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚያስል እንኳ ጠፋ። እኔ ስክሪኑን ትቼ ሰዉን ነበር የማየው፤ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ።

ሰው ይነሳል፣ መስኮቱን ይገልጣል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሳም። ይህ እስካሁን ይገርመኛል። በጨለማው ውስጥ መጨረሻውን ራሳቸው ይሠሩት ጀመር። አንዷ «ልጁ የአባቱን እጅ ነክሶ ይጮኻል» አለች። ሌላው «አባትየው ይከፍታል፣ ግን ሴትዮዋ ሄዳለች፣ ዕድሜ ልኩን ሲፈልጋት ይኖራል» አለ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው ሰማኸኝ የሚባለው አዲሱ የጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ እዚህ ያለፈውን ምንም አያውቅምና፣ «እዚህ ቦታ ላይ የሚያስፈራ ነገር የለም እኮ፣ ምነው ቅድም ሁላችሁም ዝም አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።  ቆይቶ ከፊት አካባቢ አንድ ድምፅ «እኔ አልከፈትኩም» አለ።

እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው፣ ከኛ ግቢ በታች የሚኖሩት። ያ ሰው ሁሉ ከቀዬው የተፈናቀለበት ክፉ ዓመት ነው። አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት በኽምጣኛ «ልጅ ይዣለሁ» እያለች በራቸውን አንኳኳች። ባላቸው የሉም፣ ሦስት ልጆች ጉያቸው ውስጥ ናቸው፣ ከሴትዮዋ ኋላ ማን እንዳለ አያውቁም። «ትንሿ ልታለቅስ ስትል አፏን ያዝኩት» አሉ። «ሲነጋ ደጄ ላይ የእግር ዱካ ብቻ ነበር። የት ደረሰች እያልኩ እነሆ ስንት ዓመቴ።» ማንም አላጽናናቸውም፣ ማንም አልወቀሳቸውም። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ዓይኑን እያሸ ተቀመጠ። መጨረሻህን ግን ማንም አላመሰገነውም፣ ወንድሜ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ሰው ስታንቅ ግማሹ ነጠላውን እያስተካከለ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ወለተሥላሴ እኛ ቤት መጡ። ደብተሬ ላይ ሌላ አስተያየት የምጨምር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቆመው፣ «አስማረ ይህን ከማን ሰማ? ሴትዮዋን ያውቃታል ወይ? በእርግጥ ሞታለች?» ብለው ጠየቁኝ።  ያኔ እማዬ የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን አደረገችና፣ «ልጄ ውሸት ሠርቷል። ሴትዮዋ አልሞተችም» አለች።

አስማረ፣ እማዬ ናት ለካ የከፈተችላት! አንተ ሐዋሳ ሳለህ፣ እኔ አምደወርቅ እሠራ በነበረበት ጊዜ። ሴትዮዋ እፀገነት ትባላለች፤ ከፃግብጂ በኩል ሕፃን አዝላ በእግሯ ነው የመጣችው። ሦስት ቀን እኛ ቤት ተኝታ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ጽጽቃ አለፈች፤ በየዓመቱም በገበያተኛ ሰላምታ ትልክባታለች። «ለአስማረ በስልክ ያልከፈቱላትን ነገርኩት፣ የቀረውን ተውኩት» አለች እማዬ። ለምን ስላት፣ «ራሴን ላመስግን? ደግሞስ ልጅቷ የትኞቹን በሮች እንዳንኳኳች ነግራኝ ነበር። የኔን መክፈት ሳወራ የጎረቤቶቼን መዝጋት ማውራቴ አይደል?» አለችኝ። እትዬ ወለተሥላሴ እዚያው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። «እንግዲያ እስከዛሬ ስትጠይቂኝ፣ ስታበድሪኝ፣ አውቀሽ ነው?» አሏት። እማዬ አውቄ ነው አለች። እትዬም «በሕይወት ካለችማ ወደ እሷ ውሰጂኝ» አሏት።

ቅዳሜ ሦስታችንም በመኪና ጽጽቃ ወረድን። ማንም አልጠራኝም፣ እኔ ጉጉቴ ገፋፍቶኝ ነው የተከተልኳቸው። እፀገነት ከገበያው ጫፍ በአንዲት ክፍል እህል እየቸረቸረች ትኖራለች። ያ የታዘለው ልጅ አድጎ ተማሪ ሆኗል። እማዬን ስታይ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። እትዬ ወለተሥላሴን ጎረቤት ናቸው ብለን አስተዋወቅናት፤ እሳቸውም በሩ ጋ እንደቆሙ ቀሩ። ወንድሜ ፊልም ሠርቶ አንቺን መንፈስ አደረገሽ ስላት ሳቋ መጣ፤ «ፊቴን ምን አደረገው?» ብላ ካላየሁ አለች። ስልኬን የዘይት ጀሪካን ላይ አስደግፈን ከፈትንላት።

ዱቄቱን ስታይ እንደ ሰቆጣው ሰው ሳቀች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቀረብ አለች። «እኔ እንዲህ አልቆምኩም» አለች። «ልጅ ያዘለ ሰው አንድ ደጅ ላይ አይቆይም፤ ካልከፈቱ ቶሎ ወደሚቀጥለው ነው።» ያን ጻፍኩልህ፣ ለሥራህ ይጠቅምሃል። ኩራዙ ዝቅ ሲል፣ ልጁ ሲታፈን፣ ትኩር ብላ አየችና፣ «የሚያሳዝኑትስ እነዚህ ናቸው። ውስጥ ሆኖ መፍራት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች።

እትዬ ወለተሥላሴ ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ወንዙን ተሻግረሽ ሁለተኛው በር የኔ ነበር» አሉ በኽምጣኛ። እፀገነት ስልኩን ገለበጠችው። ቀና ብላ አየቻቸው። እኔ ትጮኻለች ወይ ታባርራለች ብዬ ነበር። «ያን ጊዜ ልጆች ነበሩሽ?» አለቻቸው። «ሦስት» አሉ። «ዛሬ ደህና ናቸው?» አለች። «ደህና ናቸው» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ፣ እንባቸው እየቀደማቸው። «ተመስገን» አለችና ተነስታ መቀመጫ አቀረበችላቸው፤ እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበርና።

ሰው ያለው ይኸው ነው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ፊልሙን ተው ወይ አትተው እኔ አልፈርድም፤ ብቻ ሰባ ሰው አንገት ያስደፋው ቦታ ያንተ እጅ የሠራው መሆኑን እወቅ።

እማዬ «ሁለቱን ጉንጮችህን ስሜያለሁ፣ የተውኩትን ግማሽ ከራሴ አፍ ለመስማት ለፋሲካ ይምጣ» ብላሃለች። ባለቤቴ ገብረ አማኑኤል እጅ ነስቷል። ልጄ ኤደን ፍቅሯ እንደ ባሕር ነው፣ የፊልሙ መንፈስ የምትለብሰውን ቀሚስ ከየት እንዳገኘኸው ጠይቂልኝ ትላለች። አያ ደጅይጥኑ ምርቃታቸውን ልከዋል። እትዬ ወለተሥላሴም ሰላም በይልኝ ብለውሃል።

የምትናፍቅህ እህትህ
ጥሩአየሁ
ሰቆጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.