የሽንብራ ፍሬ የምታህል ድንጋይና የጓድ ጋሻዬ ካርታ

ለክቡር ጓድ ጋሻዬ ምትኩ
የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ
ላሊበላ

ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያ ሁሉ ሲገርፍ የከረመ ክንድዎ ሳይዝል አይቀርም ብዬ እሰጋለሁና፣ የሚገባውን ዕረፍት እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እርስዎ በተውልኝ መጠን ደህና ነኝ፤ ተረከዜ አልረግጥ ስላለኝ በበቅሎ እሄዳለሁ።

ከብዙዎቻችን መካከል ለይተው ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። መንግሥት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልኮኝ፣ ስድስት ዓመት ስለ ድንጋይና ብረት ጠባይ አጥንቼ በየካቲት የተመለስሁት ፈትለወርቅ ነኝ። ስሄድ ያሳደገኝ አጎቴ፣ ግንበኛው አቶ ወልደ ኪዳን፣ ከላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ክፈፍ ረግፈው ያገኛቸውን ሦስት የድንጋይ ፍርፋሪዎች በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። «ዕድሜ ልኬን ስጠግነው ኖርሁ፤ ለምን እንደሚሰነጠቅ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አዋቂ ካለ ጠይቂልኝ» አለኝ። ወንጀላችን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ጋሸና ኬላ ላይ ሻንጣዬ ሲፈተሽ ሃያ ሁለት ፎቶግራፎች ተገኙና እኔም እነሱም ወደ እርስዎ ተላክን። ፎቶግራፎቹ ጥቃቅን ነገርን እጅግ አጉልቶ በሚያሳይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሡ መሆናቸውን አስረዳሁ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጥፍር በምታህል ምድጃ ላይ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል የአጎቴ ድንጋይ ተቀምጣ ቀስ በቀስ ትሞቃለች፤ የኤሌክትሮን ጨረሩም ገጿን እየዳሰሰ ስንጥቁ ሲከፈት ያሳየናል አልሁ። እርስዎ ግን ስንጥቁን አይተው «ይህ የተከዜ ገደል ነው፤ ከአየር ለወንበዴ ተነሥቷል» ብለው ፈረዱ። ከግርጌው የተጻፈውን የመለኪያ ምልክትም አሥር ኪሎ ሜትር ብለው አነበቡት። አሥር ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ነበር። የተሳሳቱት በአንድ ሺህ ሚሊዮን እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ ለሥልጣንዎ ስፋት ይህ ብዙ እንዳልሆነ እረዳለሁ።

2ኛ. ወፌ ላላ የሚሉትን ዘዴ በሥራ እንዳውቀው ስላደረጉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እጅና እግሬን አሳስረው በዱላ ላይ እንደ በግ ከሰቀሉኝ በኋላ፣ የውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ሲገርፉ ሥጋው ተልጦ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ አይቻለሁ። «ድንጋዩን ማን ሰጠሽ?» ባሉኝ ጊዜ ስም ተናገርሁ። የሽማግሌ ግንበኛ ስም ከሰሙ ነገሩ ከእውነት የራቀ አለመሆኑን ይረዱና ይለቁኛል ብዬ ነበር። ይህ ጥፋት የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው፤ በየቀኑም እከፍልበታለሁ።

3ኛ. በማግሥቱ የሰባ አንድ ዓመቱን ሰው አምጥተው ከጎኔ ሰቀሉት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ገራፊዎቹ ውኃ ሊጠጡ ሲወጡ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣

«ፈትልዬ፣ ድንጋዩስ ምን ሆኖ ኖሯል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ በውስጡ ውኃ አለ» አልሁት። «ፀሐይ ሲመታው ውኃው ይወጣና ይኮማተራል፤ ሲዘንብበት መልሶ ይጠጣና ያብጣል። እንዲህ ሲመላለስ ይደክመዋል።»

«መዶሻዬ አይደለማ?»

«መዶሻህ አይደለም።»

«እኔኮ አርባ ዓመት ሙሉ የጎዳሁት እኔ ይመስለኝ ነበር» አለና በዚያ በደማ አፉ ፈገግ አለ። በዚያች ቅጽበት እርስዎ ገቡ። «ኮድ ተለዋወጡ» ብለው በጠመንጃ ሰደፍ አፉን መቱት፤ ደጋግመውም መቱት። አገጩ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ በጽሑፍ ማስፈር ስለማልችል ይቅርታ እጠይቃለሁ። በነጋታው እኩለ ቀን ላይ ሞተ።

4ኛ. በሳምንቱ የመጣውን የመድፈኛ ሻምበል ያስታውሱታል። ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ «ይህ ካርታ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ» አለዎት። እርስዎም ሳቁ። ክቡር ጓድ፣ እኔ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተኝቼ ነበርና ሳቅዎን ከታች ወደ ላይ ሰምቼዋለሁ። ከዚያም አጎቴ በልብ ድካም መሞቱን የሚገልጽ ወረቀት አቅርበው «ፈርሚና ሂጂ» አሉኝ። አልፈርምም ስልዎ የግራ እጄን ሁለት ጣቶች በበሩ መዝጊያ ሰበሩ፤ በቀኝ እጄ መጻፍ እንድችል ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በእርሷ ነው። ወረቀቱም ሳይፈረም ቀርቶ በማግሥቱ ከደጅ አውጥተው ጣሉኝ።

5ኛ. ሬሳውን ለእናቴ ለሽታዬ ከለከሉ። ወንድሟን ልታለቅስበት ሦስት ቀን ከቢሮዎ ደጅ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀንም በእርግጫ አስነሧት።

እንግዲህ ለአብዮቱ ንቃትዎ ይብዛ፤ ዕድሜዎ የሠሩትን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለመጨረስ የሚበቃ ይሁን እያልሁ፣ እርስዎ በማይደርሱበት ሥፍራ ሆኜ ከእናቴ ጋር እጅ እነሣለሁ።

በቀሩት ጣቶቿ፣
ፈትለወርቅ

ግልባጭ፦ ለጋሸና ሻይ ቤቶች ሁሉ፣ ለላሊበላ ገበያ፣ ለወገል ጤና ገበያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጎቴን የቀበሩበትን፣ ከቢሮዎ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ዘመድ መጥቶ እንዳያለቅስበት ሁለት ታጣቂዎች እንዳቆሙበት ሰማሁ። ካቆሟቸው አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥበቃውን በሙሉ ሰብስበው ስለ ንቃት ባስተማሩበት ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆፍረን አውጥተነዋል። ተገንዞና ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት እንደ ሰው ተቀብሯል። የት እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ማን እንደረዳንም አልነግርዎትም። ታጣቂዎቹ ግን ድሆች ናቸውና ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ የሚጠብቁት ባዶ ጉድጓድ ነው።