በአባታችን ስም የሄደው ወረቀት

ስካይዌይ፣ አሜሪካ፣ ማክሰኞ ጥር 20

ለእህቴ፣

ወረቀቴን የበላው ልዑልቃል ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም የከሰስኩት ነገሩ ስላንገበገበኝ ነው፤ አሁን ልጠይቅሽ። እንዴት ከረምሽ? ያ የጎን ውጋትሽ ተወሽ? ሃሴትስ ደህና ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የኤርፖርቱን ወለል ለማጽዳት አላነሰም።

ልዑልቃልን አታውቂውም። እዚሁ አቅራቢያ ኬንት በሚባል ከተማ የሚኖር፣ ትራክ የሚነዳ የማኅበራችን ሰው ነው፤ የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠራውም እሱ ነው። ቤተሰቡን ማምጣት የሚፈልግ ሰው ገጹ ላይ ያለውን ፎርም ይሞላል፤ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያያይዛል። ፎርሙ የቀኑን ሰብስቦ ማታ ላይ በኢሜይል ጉዳያችንን ለያዘችው ጠበቃ ጸሐፊ፣ ለማንአልሞሽ ይልካል። የሃሴትን የክርስትና ካርድ በዚያው እንድትልኪ ሊንኩን ሰጥቼሽ፣ በዚያኑ ቀን ልኬአለሁ ብለሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

እኔም በዚያው ቀን ሦስት ገጽ በእጄ ጽፌ ላክሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ፣ በማኅበሩ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው። አንቺ ተማሪ ቤት ስትሄጂ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ ለማንም አላስጻፍኩም፤ ነገሩ ሌላ ሰው የሚሰማው አልነበረም። ጽሑፉ ሃሴት ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት መድረስ አለበት፣ ልደቷ ደግሞ ሚያዝያ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እዚህ መምጣቷ ይከብዳል።

ማንአልሞሽን ሄጄ ደርሶ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ “ኢሜይልዎ መጥቷል እትዬ፤ አታች የተደረገው ወረቀት ግን የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም” አለችኝ። የማን ነው ብላት፣ ጠበቃዋ ሳትፈቅድ አላሳይም አለች። ልዑልቃል ጋ ደወልኩ። ሳቀ! “እትዬ፣ ሪላክስ ያድርጉ። ሲስተሙ ወረቀት አይበላም” አለኝ። “አንተ ግን ትበላለህ” ብዬ ዘጋሁበት። የሰው ምስጢር ያላነበበ ሰው እንዲህ አይስቅም። ለማን ለማን አውርቶት ይሆን እያልኩ፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ የሚያዩኝን ሰዎች ዓይን ስቆጥር ዋልኩ።

እሑድ ጥር 25

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው ቆየሁ። አልቀደውም፤ ለፍቼበታለሁ።

ልዑልቃል ትናንት ቤቴ መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቶ፣ “ይኸው፣ ይፈትሹኝ” አለኝ። ሲፈልግ ሲፈልግ ጥፋቱን አገኘው። ፎርሙ የተላከለትን ወረቀት የሚያስቀምጠው ‘ላስት ኔም’፣ የቤተሰብ ስም ማለት ነው፣ በሚለው ቦታ በተጻፈው ስም ነው። እኛ ደግሞ እዚያ የምንጽፈው የአባታችንን ስም ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ከላኩ፣ የኋለኛው ወረቀት የፊተኛውን ይደመስስና በሁለቱም ኢሜይል ላይ እሱ ይሄዳል። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ” አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ቀጥሎም፣ “ግን እትዬ፣ በዚያ ቀን አበጀ ብሎ የላከ ሌላ ማን አለ?” ሲል ጠየቀኝ።

የአበጀ ልጆች እኔና አንቺ ነን።

ክፈተው አልኩት። የክርስትና ካርዱ መስሎኝ ነበር። ሊያነብልኝ ሲል ከለከልኩትና ራሴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ድሮም ያምር ነበር። “ሃሴት ከማህፀኔ የወጣች ልጄ ናት፤ ሌላ እናት የላትም። አሜሪካ ያለችው እህቴ የምትላችሁን አትመኑ” ይላል። ከሥሩ ፈርመሻል።

እኔ ምን እንደምጽፍ አልነገርኩሽም። በምን አወቅሽ? ወይስ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠብቂው ነው የኖርሽው? በየሳምንቱ ስንነጋገር፣ ሃሴት ስልኩን ስትቀበልሽ፣ ከጎኗ ሆነሽ ስታዳምጪኝ ነበር ማለት ነው?

ሰማንያ ቀን ሲሞላት አቅፈሻት ቤተ ክርስቲያን የገባሽው አንቺ ነሽ። እናታችን ለሁላችንም ክብር ይሻላል ብላ ነው። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ሕፃኗ ውስጥ ባለቀሰች ቁጥር የቀሚሴ ደረት ይረጥብ ነበር። ጠበቃዋ ይህን አታውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ነጠላውን ደረቴ ላይ ደርበሽልኝ ነበርና።

አሳድገሻታል። ትኩሳት ሲይዛት አብረሻት ያደርሽው አንቺ ነሽ፤ አልክድሽም። እሷ ስትሄድ ባዶ ቤት እንደሚያስፈራሽም ይገባኛል። የእኔ ቤት ግን ባዶ ከሆነ ስንት ዓመቱ ነው?

ልዑልቃል ፎርሙን አስተካክሎታል። ስለሰደብኩት ይቅርታ ጠይቄው፣ ሦስቱን ገጽ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እንደገና ላክሁ። አብሮኝ ተቀምጦ፣ የተያያዘው የእኔው መሆኑን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ጊዜ አስከፈትኩት። ከእንግዲህ እኔን ሁለት ጊዜ ሳላይ የሚያሳምነኝ የለም።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ተቆጥቼም ቢሆን ከልቤ ነው። ሃሴት ሐሙስ ትደውልልኛለች። አንቺ አጠገቧ ኖርሽም አልኖርሽም፣ ከእንግዲህ ‘አክስትሽ ነኝ’ አልላትም።

ታላቅ እህትሽ