አባባ፣ ታንኮቹና ያንቺ ስም

ለውድ እህቴ ለሃይማኖት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ሻል አለሽ ወይ? እመቤትሽስ አሁን እንኳ ዕረፍት ትሰጥሻለች? ከስታለች ብላ ዬሮሳን ስለነገረችን፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር እማዬ የምታነሳው አንቺን ነው። እኛ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ብሎ የጓሯችን ቡና እስካሁን በወጉ አልደረቀም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ራሷ ዬሮሳን ናት፤ የእትዬ ገለኔ ልጅ ለዕረፍት መጥታ ወደ ቤሩት መመለሷ ነው።

የአባባን መርዶ የተረዳሽ ዕለት ደውለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ተቀይሞኝ ነው ወይ የሞተው አልሽኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ስለነበር መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህም በጀመርኩት ቁጥር አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለትምህርት ጅማ እሄዳለሁ ብለሽ ወጥተሽ ከቤሩት የደወልሽ ጊዜ አባባ እንዴት እንደሆነ ሰምተሻል። ከዚያ በኋላ ስልክሽ ሲመጣ ለእማዬ እየሰጠ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። እኔም እንዳንቺው ቂም ነው ብዬ አስብ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በመርሳት ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ጠፋው። አንድ ጊዜ ሁሩሙ ድረስ ሄዶ ገበያው መሐል ዱሮ ይነዳት የነበረችውን የቡና ፕሮጀክቱን መኪና ሲፈልግ፣ የሚያውቁት የሚኒባስ ሾፌሮች አግኝተው ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን አላስወጣነውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ማሽኗ የት ናት አለ። እማዬ የስፌት መኪናዋን የጠየቀ መስሏት አሳየችው፤ ተቆጣ። በእጁ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተ የሃይማኖት፣ የታንኮቹ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። የቡና ፕሮጀክቱ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለሾፌሩ ለአባባ ትቶለት የሄደው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ያ ሲያዩት ቁልፎች ብቻ የሚመስለውና ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው። ልጅ ሆነን አንቺና እሱ ስትጫወቱ እኔ ከኋላችሁ ሆኜ አይ ነበር። ተራው ለኔ ደርሶኝ አያውቅም፤ ትንሽ ነሽ ትሉኝ ነበር።

ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ሽቦውን አይጥ በልቶታል። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሼ ሸጋው ይሄ ነገር ዛሬም አለ እንዴ ብለው እየሳቁ ሠሩልኝ። ካሴቱ ግን እንደነበረ ነው። ጨዋታው ከካሴቱ ሲጫን ያ የሚጮኸው፣ ጆሮ የሚበሳው ድምፅ ቤቱን ሲሞላው እማዬ አማተበች። አባባ ግን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ዱሮው፣ በትዕግሥት ጠበቀ።

ምሳ መብላቱን የማያስታውስ ሰው፣ የጨዋታውን መቆጣጠሪያ እንደጨበጠ እጁ ሁሉንም አወቀ። ሰማያዊው ታንክ የሱ፣ ቀዩ ያንቺ፤ ያንቺን እኔ ያዝኩ። በግንብ ተከልሎ ይጠብቀኛል፤ ጥይቱን ከግድግዳ አንጥሮ ይመታኛል። እኔ ደግሞ እንኳን መተኮስ ታንኩን ማዞርም አላውቅበት።

“ዛሬስ ምነው ደከምሽ፣ ሃይማኖት?” አለኝ።

መሲ መሆኔን ነገርኩት። ሃይማኖትስ የት ሄደች አለ። ቤሩት እንዳለሽ ነገርኩት። መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ፣ ገና ዛሬ እንደተነገረው ሰው፣ እንደ አዲስ አለቀሰ። እማዬና እኔ ማባበል አቃተን። ከዚያ ወዲህ አላረምኩትም። ሃይማኖት ሲለኝ አቤት እላለሁ።

መብራት ባለ ቀን ሁሉ ተጫወትን። በዚያ ጨዋታ ታንኩ በአንዱ ጠርዝ ከወጣ በሌላው ጠርዝ እንደሚገባ ታስታውሻለሽ። እሱ ግን ይህን ረስቶታል። ቀዩ ታንክ ሲሰወርበት ይደነግጣል፣ ቴሌቪዥኑን ከጎን ከጎኑ ያያል። በወዲያ በኩል ብቅ ስትል ደግሞ መጣች ይልና ፊቱ ይበራል። እሱን ደስ ይበለው ብዬ እየወጣሁ እገባ ነበር። ቀስ በቀስ መተኮሱን ተውነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ድንገት መቆጣጠሪያውን ትቶ እጄን ያዘኝ።

“ሳልመርቅሽ ሄድሽ” አለኝ። “ስልኩን የማልይዘው ተቀይሜሽ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ አለቅሳለሁ። አባቷ ሲያለቅስ የሰማች ልጅ በሰው አገር እንዴት አድርጋ ትሠራለች?”

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች፤ ብትፈልጊ ጠይቂያት። ከዚያ መዳፌን ገልብጦ እንትፍ እንትፍ አለበትና፣ “የሰው ፊት አይጥቆርብሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ። በወጣሽበት በር በደህና ግቢ” ብሎ መረቀሽ። እኔም አሜን አልኩልሽ። እህቴ፣ ከቃሉ አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም። አባታችን ቂም ይዞብሽ አልሞተም።

ብዙም ሳይቆይ ሳንባው ታሞ ሆስፒታል አስገባነው። እዚያ ከተኛ በኋላ ያንቺንም ስም አልጠራም፣ የማንንም። ያረፈ ዕለት ጠዋት ውኃ በማንኪያ ሳጠጣው ትክ ብሎ አየኝና፣ “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” አለኝ። የገብረ ሥላሴ ልጅ ነኝ አልኩት።

“እግዜር ይስጥልኝ። አባትሽ ታድሏል” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእማዬም። እሷ እንዳትሰማው በስልክ አታንሺብኝ። ቅናት እንዳይመስልሽ፤ የተመረቅሽው አንቺ ነሽ፣ አደራውንም ይኸው አደረስኩልሽ። ግን እዚህ ቤት ባንቺ ስም አቤት ስል ከርሜ የራሴ ናፈቀኝ። ስትደውዪ፣ እማዬን አቅርቢልኝ ከማለትሽ በፊት፣ እባክሽ አንዴ መሲዬ በይኝ።

እማዬ ዓይንሽን ሳላይ አልሙት ትልሻለች፤ በጨርቅ ጠቅልላ የላከችልሽን በርበሬ ዬሮሳን ትሰጥሻለች። ኡካ ከተማ የሚያስተምረው ወንድማችን ሰይፈ ሚካኤል ለአርባው መጥቶ ነበር፣ እሱም ባለቤቱ ዱሬቲም ናፍቀውሻል። እትዬ ገለኔ ልጄንና አንቺን አንድ ላይ አደራ ለማርያም ሰጥቻለሁ ብለዋል። ጋሼ ሸጋውም እግዜር ያጽናሽ ይሉሻል። እኔም በዓይኔ እስካይሽ ድረስ በሁለት እጄ አቅፌ ስሜሻለሁ።

እህትሽ
መሲ ገብረ ሥላሴ

መቱ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.