ከትከሻህ ላይ ሆኜ ያላየሁት ጨዋታ

ከሃዲ ነው ያልከኝ? እኔን? ሰፈራችንና እዚህ የሚመላለሰው ፀጉር አስተካካይ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ እንደ ሰው ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩት፤ ገና በመጀመሪያው መስመር «መላጣውን በፂማሙ የለወጥክ ከሃዲ» ብለህ ትቀበለኛለህ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ! እኔን ግን ያሳደገኝ ሰው አለ ወንድምጋሼ፣ ስለዚህ ስድብህን ከመመለሴ በፊት ሰላም እልሃለሁ።

እንዴት ነህ? ወገብህስ፣ አሁንም ስትበይድ አጎንብሰህ ቀና ማለት ያቅትሃል? መነጽሩን ሳታደርግ እንደምትበይድ አውቃለሁ፣ አትዋሸኝ። እማ እንዴት ናት? የዓይኗ ነገር የት ደረሰ፣ አሁንም ስኳር ነው ብላ ጨው ሻይህ ውስጥ ትጨምራለች? እህታችንስ፣ ቁጣዋ በረደላት ወይስ እንዳለ ነው? ያ የሚያፈሰው የጣሪያ ጥግስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። እሱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ክሱን ልመልስ። ፀጉር አስተካካዩ አልዋሸህም። በእረፍት ሰዓት መጋዘኑ ግቢ ውስጥ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ፣ እኔ ለአለቃችን «እንደ ፂማሙ ያለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እናት አልወለደችም» ስል በጆሮው ሰምቷል። ብያለሁ። አንዴ ብቻም አይደለም፣ አምስት ወር ሙሉ ብያለሁ። አሁን ለምን እንዳልኩ ስማኝ።

አለቃችንን ፊሽካ ነው የምንለው። ጭነት ሲገባ ይነፋል፣ ሲወጣ ይነፋል፣ ሽንት ቤት ከቆየህም በሩ ላይ መጥቶ ይነፋብሃል። ሰውዬው የቅርጫት ኳስ እብድ ነው። እዚህ መጋዘን ከመጋዘን የሚጋጠምበት ውድድር አለ፣ እና ፊሽካ ሠራተኛ የሚቀጥረው በቁመት ነው። እውነቴን ነው የምልህ! የቢሮው በር ላይ በጠመኔ መስመር አስምሯል። አናትህ መስመሩን ካለፈ ትገባለህ፣ ካላለፈ «ሂድና አድገህ ና» ይልሃል። ሽበት ያወጣ ሰውዬ እንኳ «አድገህ ና» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔማ መስመሩን በግንባሬ አለፍኩት፤ የቢሮዋ ጸሐፊ ሳትቀር ከወንበሯ ተነስታ ነው ያየችኝ። ከዚያ ሁለተኛው ፈተና መጣ። የዘመናት ሁሉ ምርጥ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የፂማሙ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር፣ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እኔ «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ!» አልኩና ጣቴን ወደ ግድግዳው ቀሰርኩ። በዚያው ቀን ጓንት ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ በየምሳው ክርክር ነው። የጭነት ማንሻ መኪናውን የሚነዳው ሹፌር፣ አብሮኝ የሚያድረው፣ ለመላጣው የሚሞት ሰው ነው። መኪናውን ከሱ ሌላ የሚነዳው ስለሌለ ፊሽካን አይፈራም። «ስድስት ጊዜ ፍጻሜ ገብቶ ስድስቱንም በላ፣ ሰባተኛውን ለሠርግህ ነው የምትፈልገው?» ይለዋል። ፊሽካ ደግሞ «ያንተ መላጣ መሀል ላይ ጥሎ ሌላ ኳስ ሊጫወት የሄደ ሰው ነው፤ ሥራ ጥሎ የሄደን እኔ መጋዘኔ አልመልሰውም! ፂማሙ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ቀን ሳይሰለቸው፣ ነጥቡ ላይ ማን ደረሰበት?» ይላል። ሹፌሩም «ሄዶ ተመልሶ ሦስት ዋንጫ ጨመረ! አንተ ከምሳ ስትመለስ ፊሽካህን የት እንዳስቀመጥክ አታውቅም» ይለዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ዳቦዬን እያኘክሁ ለፊሽካ ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔ! በሰፈራችን አፌን የሚመልስ ያልነበረ ሰውዬ! ዳቦው ሲወርድ እንደ አሸዋ ነበር።

በል አሁን የሆነውን ልንገርህ። የዛሬ ሃያ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያ መላጣው ከቅጣት መስመሩ ተነስቶ እየበረረ የሚከተው ነገር ተነሳ። ፊሽካ ሳቀና «እሱ የካሜራ ሥራ ነው። መላጣውን የሚያመልኩት አይተውት አይደለም፣ ሰው ነግሯቸው ነው» አለ። ሰው ነግሯቸው! እሷ ቃል ልቤን ወጋችኝ፣ ለምን እንደወጋችኝ በኋላ ታየዋለህ። ዳቦዬን ወርውሬ ተነሳሁ። አምስት ወር የዋጥኩትን ሁሉ አወጣሁት። «እኔ አይቻለሁ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ሰው ይበራል፣ ካላመንክ እኔው ራሴ አሳይሃለሁ» አልኩት። ሹፌሩ ሸሚዜን ይዞ ተው ቢለኝ ገፈተርኩት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ።

ቅርጫቱ የተሰቀለበት ግቢያችን ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ኳሱን ይዤ ከአጥሩ ጥግ ተንደርድሬ መጣሁ፣ ከቅጣት መስመሩ ተነሳሁ፣ እና በረርኩ። አልዋሽህም ወንድምጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ በርሬአለሁ፤ ሹፌሩን ጠይቀው። ከዚያ ኳሱ ወደ አጥሩ ሄደ፣ እኔ በጉልበቴ ወረድኩ። ድምፁን እኔው ራሴ ሰማሁት፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኪሴ ውስጥ የነበረው ስልክም ከስሬ ሆኖ ደቀቀ፤ ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። ሐኪሟ የጉልበቴን ፊልም ወደ መስኮቱ ዘርግታ ስታይ ቆየችና ትሄዳለህ አለችኝ። እዘላለሁ ወይ ብላት ፊልሙን ፖስታው ውስጥ መለሰች። ጭነትስ እሸከማለሁ ወይ ብላት መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። መነጽሩ እኮ ንጹሕ ነበር።

ፊሽካ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሥራ ሰዓት ብትወድቅ የካሳ ወረቀት እጽፍልህ ነበር፣ የዘለልከው ግን በእረፍት ሰዓት ነው አለኝ። ከዚያ ትንሽ ተቁነጠነጠና፣ ያ የምታወራለት ወንድምህ ይረዝምሃል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጅሉ፣ ጉልበቴ እንደ ዱባ አብጦ፣ «በሁለት ጣት!» አልኩት። አፌ እንደሆነ ፍሬን የለውም። ፊቱ እንዴት በራ መሰለህ! ይምጣ አለ። ብርቱካኑን አልጋው ላይ አስቀምጦ እየዘመረ ወጣ።

እና በሦስተኛው ቀን ያንተ ደብዳቤ መጣ። ስድቡን አልፌ ከታች ሳነብ፣ ብየዳ ቤቱን ለአናጢው ለቅቄ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፣ እዚያው አብረን እንጫወታለን፣ እማን እህታችን ታያታለች ትላለህ። አባባ በእጁ ያቆመውን ብየዳ ቤት! ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት።

አሁን ስማኝ፣ አታቋርጠኝ። ያ ቪዲዮ ቤት ትዝ ይልሃል? በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ አላስገባም ሲለን፣ ከጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ስር በትከሻህ ላይ ያቆምከኝ ቀን? አንተ ከታች ግድግዳ ግድግዳውን እያየህ፣ ሙሉውን ጨዋታ ተሸክመኸኝ «ምን ሆነ? አሁንስ?» ትለኝ ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ ተነሳ! እየበረረ ነው! ምላሱን አወጣ! አሁንም አልወረደም! እያልኩ አወራልህ ነበር። ወንድምጋሼ፣ እኔ ምንም አላየሁም። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ከውስጥ መስኮቷን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ያየሁት የሱን ማጅራት ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት ሲጮሁ እጮኻለሁ፣ ሲያጨበጭቡ አንድ ነገር ፈጥሬ እነግርሃለሁ። አላየሁም ብልህ ታወርደኛለህ ብዬ ፈራሁ።

አንተ ደግሞ አመንከኝ። በማግስቱ አባባን ለምነህ የበርሜል ቀለበት አስበይደህ ደጃችን ያለው ግንድ ላይ ሰቀልክ። የላይ ሰፈሩን ልጅ «መላጣው ምርጥ አይደለም» ስላለ ብቻ ጥርሱን ያወለቅከው ለዚያ ማጅራት ብለህ ነው። እስከ ዛሬ ከሃዲ የምትለኝም ለሱ ነው።

እና አሁንም ትከሻህ ላይ ነኝ። አልገባህም? ከዚህ የጻፍኩልህ ሁሉ እንደዚያ ነው። የራሴ ክፍል አለኝ፣ በመስኮቱ ሜዳው ይታያል ያልኩህ ውሸት ነው፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምናድረው፣ መስኮት የሚባል የላትም። ለመጫወት ነው የሚከፍሉኝ ያልኩህ ውሸት ነው፤ ሙሉ ቀን ጆንያ ተሸክመን፣ በማይታጠፍ ወገብ ነው ኳስ የምንነካው። ምክትል አለቃ ነኝ ያልኩህን እንኳ ተወው። ከኔ በፊት እዚህ አልጋ ላይ የነበረው ልጅ ትከሻው ነው የሄደው። ከሱ በፊት የነበረው ጀርባው። ቁመታቸው ግን መስመሩን ያለፈ ነበር። በኔ ቦታ ትናንት አንድ ቀጮ ገብቷል፣ በሩ ላይ ሲለካ ከአልጋዬ ሆኜ ፊሽካው ሲነፋለት ሰማሁ።

እና አንተ በዚያ ወገብህ ልትመጣ ነው! በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ላንተ ነው። ሳሩን ያሳየሁህ እኔ ነኝ፣ እሱን አልክድም። አትምጣ። ቁልፉን ለአናጢው ሰጥተህ ከሆነ ሄደህ ተቀበለው፣ ካልሰጠህ በጥርስህ ነክሰህ ያዘው። እህታችን እማን ታያታለች ያልከውን ተወው፤ እሷ ራሷን የሚያያት ያስፈልጋታል።

እኔን ና እንዳትለኝ። በወሩ መጨረሻ ክፍሏን እለቃለሁ፣ ለቅቄ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እግሬን እየጎተትኩ በዚያ ግንድ አጠገብ፣ በዚያ ቀለበት ስር አላልፍም። ይሻሻላል ብለህም አትጻፍልኝ፣ የሐኪሟን መነጽር ነገር ነግሬሃለሁ።

ምርጡ ማነው ለምትለው አላውቅም። መላጣውንም ፂማሙንም ከሹፌሩ ጋር ሆናችሁ ተከፋፈሏቸው። እኔ በደንብ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሙሉ ጨዋታ ሌላ ሰው ተሸክሞ ቆሞ፣ አንዴም «አሁን የኔ ተራ ነው» ያላለ። ይሄን አንብበህ እንዳትኮራብኝ ብቻ።

እማን ግንባሯን ሳምልኝ። ጉልበቴን እንዳትነግራት፣ ትንሽ ወለም ብሎት ነበር በላት፤ ጨውና ስኳሩን በተለያየ ቀለም ጣሳ አድርግላት። እህታችንን በጣም ናፍቄሻለሁ በላት፣ ቁጣዋን ሳይቀር። አናጢውን ሰላም በለው፣ ብየዳ ቤቱን ግን በዓይኑም እንዳያየው በለው። የአባባን መዶሻ ዘይት ቀባልኝ። የሥጋ ቤቱን ሰውዬም ሰላም በለው፤ ማጅራቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ መስኮት ከሌላት ክፍል
ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ይሄን የሚያመጣልህ ያው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እዚያ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ በሱ በኩል ጻፍልኝ። ስድቡን በኋላ ትጨምራለህ። አሁን ጻፍ!