«አክስቴ» ትልሽ የነበረችው ልጅ

ይድረስ ለጓደኛዬ፦

ካንቺ የለየኝ ሌላ ማንም አይደለም፤ የገዛ ልጄ ናት። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ሰላምታው ይከተል። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ላንቺ የምለውን ሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ በስተርጅና የማታ ትምህርት ገባሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ዛሬ አንሶላ የሚታጠፈው በማሽን ነው አሉ። እኛ ግን በአራት ጫፉ ይዘን፣ ወጥረን፣ አራግፈን፣ ጫፍ ከጫፍ ልናገጥም ስንቀራረብ እጅሽ እጄ ላይ ትንሽ ይቆይ ነበር። አለቃችን «ሥራ ነው ወይስ ጭፈራ?» ቢለን «ሁለቱም፤ ያውም በአንድ ደሞዝ!» ብለሽ አፉን አስያዝሽው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ኋላ ልጄ ሰፈር ስለ እኛ የሚያወራውን ሰምታ መጣች። ጀርባሽ ላይ ታዝላ፣ «አክስቴ» እያለች ያደገች ልጅ፣ ያቀረብሽላትን ምግብ ገፍታ «እሷ ከዚህ ቤት ካልወጣች እኔ እወጣለሁ» አለች። አንቺም አላስመረጥሽኝም፤ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ።

አሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መጥታለች። ባለፈው እሁድ ልብስ ስናሰጣ ድንገት «እማዬ፣ አክስቴ የት ናት?» አለችኝ። ዶርም አብራት የኖረችው ልጅ ልቧ ወደ ሴት የሚያዘነብል ነበረች። መጀመሪያ የእኔዋ «ክፍል ቀይሩልኝ» ብላ አመልክታ ነበር። መምህራቸው ስለዚህ ነገር ሲያከራክሯቸው ከሁሉ ቀድማ ስትሳደብ፣ «ከእነዚህ ሰዎች በቅርብ የምታውቂው አለ?» ብለው ጠየቋት። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሻት። በኋላ ስትታመም ያስታመመቻት ያቺው ልጅ ናት። ይህን እያለቀሰች ነገረችኝ።

የእኔ አንጀት ግን አልራሰም። «በኩፍኝ ስትቃጠዪ ደረቷ ላይ ያስተኛችሽ ማን ነበረች? ይህን ለማየት ዲግሪ ያስፈልግሽ ነበር?» አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አድራሻሽን አፈላልጋ ያገኘችው እሷ ናት። መጥታ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ትፈልጋለች። በርሽን መክፈቱም መዝጋቱም ያንቺ ነው፤ ስለ እሷ አልለምንሽም።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ክፉ አይይሽ። ፎቶሽን ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቅያለሁ። እንግዳ «ማን ናት?» ሲለኝ፣ ከእንግዲህ «የሥራ ባልደረባዬ ነበረች» አልልም።

የቤትሽ ሰው