ያልጠቆረው ቀለህ

ወልቂጤ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስረስ፣ ጁባ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስትደውል አባትህ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ያልነገርኩህ ነገር ተጠራቅሞብኛል። ጎረቤታችን ሰይዶ ለንግድ ወደዚያ እንደሚሄድ ስሰማ ሮጬ ወረቀት ገዛሁ።

እህቶችህ ደህና ናቸው። አደይ ከቡታጅራ በየሳምንቱ እየመጣች ታየናለች፣ ሲፈን አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። አባትህ ግን ዓይኑ ሄዷል። ብርሃን ከጨለማ ይለያል እንጂ ፊቴን አያይም፤ መሸብሸቤን ስላላየ ተመስገን ነው። አታት ሆስፒታል ወስደነው ነበር። ሐኪሙ የዓይኑን ለሁለታችንም ነገረን፣ የጉበቱን ግን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነው የነገረኝ። እሱን በወረቀት አልጽፈውም።

ሌላ ወሬ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጥይት ሠራሁ። አትሳቅ። አባትህ መስቀል በደረሰ ቁጥር ጓሮ ቁጭ ብሎ እርሳስ ሲያቀልጥ "የሥራ ፈት ሥራ" እያልኩ አርባ ዓመት የሳቅኩበት እኔ ነኝ።

ለዚያ ለአያትህ አሮጌ ጠመንጃ፣ ለውጅግራው፣ ጥይት የሚሸጥ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። እየሞላ የሚተኩሳቸው ባዶ ቀለሆች ሦስት ብቻ ናቸው፣ ለሦስታችሁ አንዳንድ። ለመስቀል የመጣ ልጅ ግቢ ሲገባ አባትህ የልጁን ጥይት ከጓሮ ያለው የአፈር ቁልል ላይ ይተኩሳል። በማግስቱ እርሳሷን ቆፍሮ ያወጣና ለከርሞ ያስቀምጣታል። ያው እርሳስ ነው፤ አያትህም ለእሱና ለወንድሞቹ ሲተኩሱት የኖሩት። ይህን ሁሉ ዓመት ሳየው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት "ሆሳዕና፣ ዛሬ አንቺ ዓይን ሁኚኝ" አለኝና የጥይት ማፍሰሻ ቅርጹን እንዳመጣ አዘዘኝ። እንደ ጉጠት የሚገጥም ብረት ነው። ጥላሸት ለብሶ ሳገኘው አፈርኩ፤ ከኔ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ! በአመድ ፈትጌ አጥቤ አቀረብኩ። እርሳሱ እንዳይጣበቅ ብሎ ራሱ በኩራዝ ጭስ እንዳጠቆረው በምን ልወቅ? የቀለጠውን ላፈስ ጭልፋውን ሳዘነብል፣ ያ የማያይ ሰው እጄን ቀብ አደረገኝ። ውሃ ሸተተኝ አለ። ለካ ከቅርጹ ውስጥ ጠብታ ቀርቷል። የጋለ እርሳስ ውሃ ሲነካው ፈንድቶ ፊት ላይ እንደሚረጭ የነገረኝ ቆይቶ ነው።

ቅርጹን አድርቄ፣ መልሼ አጠቁሬ አፈሰስኩ። ስከፍተው ጥይቷ ወደቀች። ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ከዚያ ከቆሻሻ የእርሳስ ድቡልቡል እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። እኔ በደስታ ሳለቅስ አባትህ ጣቱን ዙሪያዋን አዙሮ ከታች ጎድላለችና ድገሚው አለኝ። ፀሐይ ላይ ይዤ ባየው እውነትም ከፀጉር የቀጠነ ጉድለት ነበረባት። አራት ጊዜ አስደገመኝ። ባሩዱንም ቀለሁን ከጆሮው አስጠግቶ፣ ነቅነቅ አድርጎ፣ በድምፁ ነው በቃ የሚለው። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ኖሬ፣ እኔ ግን የማውቀው ኩርፊያውን ብቻ ነበር። ተገረምኩ ብል አይበቃኝም።

ተሳስቼ አለፍኩት፤ ባሩዱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ የትኛውን ቀለህ ላምጣ ብዬ ጠየቅሁት።

"ያልጠቆረውን" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

የእህቶችህ ሁለቱ በባሩድ ጭስ ጠቁረዋል። ያንተ ስምንት ዓመት አልተተኮሰችም። ለመንገድህ ውጅግራውን ሽጥልኝ ብለኸው እምቢ ሲል፣ "ከልጅህ ብረትህ ይበልጥብሃል" ብለኸው ከወጣህ ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም። ግን ያቺን ቀለህ በየመስቀሉ በሎሚ ሲወለውላት ኖሯል፤ እኔ ሞኟ ለሽያጭ መስሎኝ ነበር።

ሲጨርስ ጥይቷን ደረት ኪሱ ከተታት። እኔም አፌ አያርፍም፣ መስቀል እኮ ገና ሰባት ወር ቀርቶታል፣ ምን አስቸኮለህ አልኩት።

ኪሱን በመዳፉ ሸፈነና፣ "የሚተኮሰው ልጅ በመጣ ቀን ነው እንጂ በመስቀል አይደለም" አለኝ።

የወጣህበትን በር አምላክ መግቢያህ ያድርገው።

እናትህ ሆሳዕና