ሞላው የጠበቀው በእርስዎ ልክ ነው

ለተከበሩ የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ወገብዎ ምንም ሳይሆን እንዲደርስዎ ከልቤ እመኛለሁ። ወገብን ለይቼ የጠቀስኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ሰሞኑን በቤቴ ስለተማርኩ ነው። እኔ ከገበያው ማዞሪያ እስከ ሕክምና ጣቢያው በር ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የሚያውቀኝ በታርጋዬ ስለሆነ ስሜን በመጻፍ አላደክምዎትም።

ከቅሬታው በፊት ምስጋና ይቅደም። ኩርባ ላይ እየተገለበጥን ስላስቸገርንዎ መሪውንና የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ በአዲስ እንድንቀይር አዘዙ፤ ቀየርን። እውነቱን ለመናገር መሪው አሁን እጅ ላይ ልቅም ያለ ነው፤ ኩርባውን እንደ ድሮው ትንፋሼን ይዤ አልዞረውም። እስከዚህ ድረስ ያለው ምስጋና ከልብ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን እንደፈቀዱ ያንብቡት።

፩. ስለ ሞላው። አዲሱ ሹካ ከገባ በኋላ፣ ጉድጓድ ስንመታ ንዝረቱን የሚውጥልን የኋላው ሞላ እንደገና መስተካከል እንዳለበት መመሪያዎ ያዛል፤ «በተለመደው ጭነት ልክ» ይላል። የተለመደው ጭነት ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። በግቢዎ ተሰልፈን ስንጠብቅ መርማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጥቂት ተንሾካሾኩ፤ በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ከቢሮ ወጥተው በመጀመሪያው ተሽከርካሪ ወንበር መሐል ላይ ተቀመጡልን። ኋላው ዝቅ ሲል መርማሪው የሞላውን ማጥበቂያ ዳዶ አጠበቀ፤ አሁንም ዝቅ ሲል ደግሞ አጠበቀ። ግቢውን ተዘዋውረው ሲመለሱ «አሁን ተመቸኝ» አሉ፤ ያቺ ቃል ደንብ ሆነች። የሁላችንም ሞላ በዚያው ልክ ጠብቆ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ታሸገ። ስለ ሰውነትዎ ግርማ አንዳች ለመናገር አልደፍርም፤ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ ለሌላ ሰው ቦታ እንዳልተረፈ ብቻ በትሕትና እጠቅሳለሁ።

፪. ስለ ተሳፋሪዎቼ። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ቀጫጭን ናቸው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጣሪያውን በአናቱ መትቶ ሲወርድ፣ ወደ ላይ ለሄደበትም ይከፍል እንደሆነ ጠየቀኝ። ድሮ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

፫. ስለ ባለቤቴ። ወገቧን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ወደ ፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች፤ ሐኪሟም ነርቩ ገና ስላላገገመ ከመናጥ እንድትጠበቅ አጥብቆ ነግሯታል። በእግሯ ያን ያህል መንገድ አትችልም፤ በሌላ ተሽከርካሪም ብትሄድ የሁሉም ሞላ በእርስዎ ልክ ጠብቋል። እሷ ደግሞ ከሕመሙ ወዲህ የቀራት አጥንት ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጧን ሞላው አያውቀውም። መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን ነክሳ ትመጣና መንገዱን የሚያቋርጠውን ቦይ ስንሻገር «ወይኔ ወገቤን!» ብላ ትጮኻለች። መጀመሪያ ሰሞን ጩኸቷ አንጀቴን ይበላው ነበር፤ አንድ ሁለቴ መንገድ ዳር አቁሜ አብሬያት አልቅሻለሁ። አሁን ማርሽ እቀይራለሁ፣ ፊት ለፊቴን አያለሁ። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሐዘኑ የት እንደገባ ግን ጠፍቶኛል።

፬. ስለ ሞከርነው ሁሉ። በመጀመሪያ ማኅተሙ ተፈትቶ ዳዶው ትንሽ እንዲላላልኝ አመለከትኩ። መርማሪዎ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ማኅተም የሚያስፈቱት ኃላፊው ብቻ እንደሆኑና ኃላፊው ደግሞ ከፈተናው ወዲህ ምንም ቅሬታ እንዳላቀረቡ አስረዱኝ። ቀጥሎ ከባለቤቴ እግር ሥር አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫንኩ። ደህና ለስልሶልን ነበር፤ ትራፊክ ፖሊሱ ግን በሰው ማመላለሻ ላይ ጭነት ክልክል ነው ብሎ አሸዋውን መንገድ ዳር አስደፋኝ። በመጨረሻ አማቴ «እኔ ልክበድላት» ብለው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ልጅቷ ቅጥነቷን ያመጣችው ከማን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ፤ ሁለቱም ተያይዘው ነጠሩ። አማቴ ሲወርዱ «በል ልጄ፣ አንዷን አድናለሁ ብለህ ሁለታችንንም እንዳትጨርሰን» አሉኝ።

ሽቦውን ራሴ ብበጥሰው የደቂቃ ሥራ እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን ማኅተም የነካ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ በፊርማዎ የወጣው ማስታወቂያ በምርመራው በር ላይ ተለጥፏል፤ ፈቃዴ ከሄደ ቀለባችንም ሕክምናዋም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ደንብ ሳይነካ የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በሕክምናዋ ቀን እርስዎ ራስዎ ከጎኗ እንዲቀመጡልን በአክብሮት እለምናለሁ። እርስዎ ካሉ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው፤ ለእሷም ከዳር በኩል የምትበቃት ቦታ አትጠፋም። ጊዜዎ የማይፈቅድ ከሆነ ማኅተሙን የሚያስፈታ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ከሁለቱ የሚቀልዎትን ይምረጡ።

ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር እርስዎን ሳላነሳ የማላልፈው፣
ለትእዛዝዎ እስከ መጨረሻዋ ዳዶ የጠበቅሁት፣
አክባሪዎ ሾፌር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ይዣት ሄድኩ። ቦዩን ስንሻገር ጩኸቷን ጠበቅሁ፤ ዝም አለች። አመማት እንደሆነ ብጠይቃት «ዛሬስ ምንም አልተሰማኝም» አለችኝ፤ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ እኔም ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ስንደርስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የቀኝ እግሯን ጣቶች አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካካቻት፤ አንዱም አልተሰማትም። ስለሆነም በተራ ቁጥር ሦስት ያቀረብኩትን ቅሬታ በአክብሮት አንስቻለሁ፤ ባለቤቴ ከእንግዲህ በመንገድ ላይ አትጮህም።